የኋላውን በር አይተሽዋል?

ሆዴ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱ ሻል ብሎታል። መስቀልን ያለ አንቺ አሳለፍን፤ ደመራው ሥር ቆመን ስምሽን ጠርተን መረቅንሽ። ይህን ደብዳቤ አሜሪካ፣ ካንሳስ ድረስ የምታደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ናት። በርበሬውም ሽሮውም ድርቆሹም እሷ ጋ አለ። ዕቃውን ከመፍታትሽ በፊት ግን እባክሽ ይህን አንብቢልኝ።

ባለፈው እሑድ በስልክ የነገርሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከዩኒቨርሲቲሽ ማስጠንቀቂያ መጥቶ ስልክሽ ጮኸ። ከባድ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው፣ ወደ ምድር ቤት ውረዱ ይላል። አንቺ ብርድ ልብስሽን ተከናንበሽ ተኛሽ። በማግስቱ ደግሞ ድምፁን አጠፋሽው። «እማዬ፣ ሁሌ ይጮኻል፣ ምንም አይመጣም» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ልስቅ ሞከርኩ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

የሴቶች ዶርም ፕሮክተር ሆኜ 19 ዓመት እንደሠራሁ ታውቂያለሽ። ስለ እሳቱ ሌሊት ግን በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርሽ። ጠዋት ቤት ስገባ ልብሴ ጭስ ጭስ ይላል፣ አንቺ «ጠላ ስትጠምቂ አደርሽ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አዎ አልኩሽ። አሁን ትልቅ ሰው ነሽ፣ እውነቱን ልንገርሽ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ልጅ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሻይ ጥዳ እንቅልፍ ወሰዳት። ምድጃ ዶርም ውስጥ ክልክል ነው። ግን የካፌውን ምግብ የማይወድ ሁሉ አልጋው ሥር ደብቆ ይይዛል፣ እኛም እያወቅን ዝም እንል ነበር። መጋረጃው ተያያዘ። ከመጋረጃው ወደ ፍራሹ ሄደ። ደወል የሚባል ነገር የለንም። እኔ የብረት ድስት ክዳን ይዤ በየበሩ እየደበደብኩ «እሳት! ውጡ!» እያልኩ ደረጃውን ወጣሁ። አንዳንዶቹ ወዲያው ወጡ። አንዳንዶቹ ግን፣ ልጄ፣ በሩን ከፍተው አይተውኝ መልሰው ዘጉት። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ተማሪዎች ለቀልድ እሳት ብለው ጮኸው ሁሉንም አስወጥተው ነበርና ይኼም ያው ነው ብለው ነው። ጭሱ በበሩ ሥር ሲገባ ነው ያመኑኝ።

የኋላ ደረጃ ነበረን። ወርጄ በሩን ብገፋው በሰንሰለት ታስሯል። ከወራት በፊት ዕቃ ይሰረቃል፣ እንግዳ ሰው ይገባል ተብሎ ለደህንነት የተቆለፈ ነው። ቁልፉ ያለው አንድ ጥበቃ ጋ ነበር፤ እሱ ደግሞ ተረኛነቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄዷል። ያንን ቁልፍ ሲያስገቡ እኔም «ጎሽ» ብያለሁ። እስከ ዛሬ ያ «ጎሽ» ያልኩት ነገር ይቆረቁረኛል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ልጅ የኋላው እንደማይከፈት ስትሰማ በመስኮት ዘለለች፣ እግሯ ተሰበረ። የፊተኛው ደረጃ ሁሉንም ሊያወጣ ይችል ነበር። ትንሽ ብትታገስ ኖሮ በእግሯ ትወርድ ነበር።

ነፍስ አልጠፋም፣ እመብርሃን ትመስገን። ግን በጣም ያስፈራኝ ከወጣን በኋላ የሆነው ነው። ሁሉም በየአቅጣጫው ተበታተነ። ማን ወጣ፣ ማን ቀረ የሚያውቅ የለም። «እገሊት የለችም!» ብላ አንዷ ጮኸች። ሁለት ወንዶች ነጠላ አርሰው አፋቸውን ሸፍነው ሊገቡ ሲሉ ይዘን አስቀረናቸው። ልጅቱ ያን ዕለት አዘዞ አክስቷ ቤት ነበር ያደረችው። ለማንም አልተናገረችም። ስልኳ ዝግ ነው። በሌለ ሰው ምክንያት ሁለት ነፍስ ልናጣ ነበር።

አሁን የኔን ጥያቄ ታውቂዋለሽ። አንቺ ያለሽበት ሕንፃ የኋላ በሩ የት ነው? በእግርሽ ሄደሽ አይተሽዋል?

ካንቺ ጋር ካወራን በኋላ ወንድምሽ ሁለት ማታ ሙሉ በስልኩ እየፈለገ አነበበልኝ። መብራት ሲጠፋ በሻማ፣ ኔትወርክ ሲመለስ እንደገና። አንዲት ልጅ ታሪክ ላይ ስንደርስ አስቆምኩት። ጂን ክሌሪ ትባላለች። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የ19 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ልክ ባንቺ ዕድሜ። በፈረንጆቹ 1986 የገዛ ዶርሟ ውስጥ ተኝታ ሳለች ተገደለች። ገዳዩ እዚያው የሚማር ልጅ ነው። የገባው ራሳቸው እንዲቆለፉ የተሠሩት በሮች በዕቃ ተደግፈው ክፍት ስለተተዉ ነው። አንድ ሰው ለጓደኛው ብሎ፣ ወይም ቁልፍ ማውጣት ሰልችቶት፣ በሩን ደገፈው።

እናትና አባቷ ቤታቸው ተቀምጠው አላለቀሱም። በየመሥሪያ ቤቱ ዞሩ፣ ተሟገቱ፣ በ1990 ሕግ አስወጡ። ያ ጮኸብኝ ያልሽው መልእክት ከዚያ ሕግ ጋር የተያያዘ ነው። ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን አደጋ ሲኖር የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት። ግቢው ውስጥ የደረሰውን ወንጀል እየመዘገበ ማሳየት አለበት። በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ደግሞ የደህንነት ሪፖርቱን ያወጣል፤ ይኸው ይህን ሰሞን ማለት ነው። ፈልጊና አንብቢው። ያ ድምፅ የእናት ለቅሶ ነው፣ ልጄ። ስልክሽ ላይ ስታጠፊው ይህን አታውቂም ነበር፣ አልቀየምሽም።

እንግዲህ አንድ በር ክፍት ስለተተወ ልጅ ሞተች። እኛ ጋ ደግሞ አንድ በር ስለተቆለፈ ልጆች ሊያልቁ ነበር። የቱ ይሻላል ብዬ ብዙ አሰብኩ። ወንድምሽ ነው የመለሰልኝ። እናንተ ጋ የአደጋ መውጫው ከውጭ አይከፈትም፣ ከውስጥ ግን አግድም ብረት አለው፣ በሰውነትሽ ስትገፊው ይከፈታል አለኝ። እንዲህ ያለ በር ቢኖረን ብዬ ተመኘሁ። ስለዚህ ሦስት ነገር ቃል ግቢልኝ። በር ላይ ድንጋይም ቦርሳም አታድርጊ፣ ለጓደኛም ቢሆን። የማታውቂው ሰው ከኋላሽ ተከትሎ ሲገባ አፍረሽ ዝም አትበይ፤ «ካርድህን ተጠቀም» ማለት ነውር አይደለም። በዚያ የአደጋ በር ሥር ደግሞ ሳጥንና ብስክሌት ተከምሮ ካየሽ ለሚመለከተው ተናገሪ።

ስለ አውሎ ነፋሱ፣ ቶርኔዶ ስለምትሉት፣ እኔ ጎንደሬዋ ምን አውቃለሁ? እዚህ የምናውቀው ነጎድጓድና በረዶ ነው። ግን ሁለቱን መልእክት ለይተሽ እወቂ። «ዎች» ሲል አየሩ ለቶርኔዶ የተመቸ ነው፣ ተጠንቅቀሽ ጠብቂ ማለት ነው። «ዋርኒንግ» ሲል ግን በዓይን ወይም በራዳር ታይቷል፣ አሁኑኑ ውረጂ ማለት ነው። ምድር ቤት፣ እሱ ከሌለ የመጨረሻው ታችኛው ፎቅ፣ መስኮት የሌለው ውስጠኛ ክፍል። የውጭው ሳይረን ደግሞ ደጅ ላሉ ሰዎች የተሠራ ነው፣ ቤት ውስጥ ተኝተሽ ላትሰሚው ትችያለሽ። ሌሊት ያለሽ ስልክሽ ብቻ ነው።

እዚያው እናንተ ካንሳስ ውስጥ ግሪንስበርግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዋ 1,400 ያህል ነበር። በሜይ 4 ቀን 2007 ማታ ቶርኔዶ መጥቶ ከከተማዋ 95 በመቶ ያህሉን አፈረሳት። 11 ሰዎች ሞቱ። ቤቱ ሁሉ ፈርሶ ይህን ያህል ሕዝብ የተረፈው ሳይረኑ 20 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ስለጮኸና ሰዉ ወደ ምድር ቤት ስለወረደ ነው። ሰምተው ብርድ ልብስ ቢከናነቡ ኖሮስ?

ከዚያ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው በፊት፣ በኤፕሪል 16፣ ቨርጂኒያ ቴክ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ አንድ ዶርም ውስጥ ሁለት ተማሪዎች በጥይት ተመቱ። ለተማሪው ኢሜይል የተላከው 3 ሰዓት ከ26 ላይ ነው። ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያው ገዳይ ሌላ ሕንፃ ገብቶ 30 ሰው ገደለ። በጠቅላላ 32። ሁለት ሰዓት፣ ልጄ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም ሳይነግራቸው ወደ ክፍል ሄዱ። ዛሬ ያንቺ ስልክ ቶሎ የሚጮኸው እነዚያ ልጆች ቶሎ ስላልተነገራቸው ጭምር ነው።

ስለ ተኩስ መጻፍ እጄን ያንቀጠቅጠዋል፣ ቶሎ ልለፈው። እዚያ የሚያስተምሯችሁ ቅደም ተከተል ትክክል ነው። መውጣት ከቻልሽ ሩጪ፣ ዕቃሽን ተዪው። ካልቻልሽ ቆልፊ፣ መብራት አጥፊ፣ ያኔ ስልክሽን ድምፅ አልባ አድርጊ፣ ከበሩ ራቂ። ሌላ ምንም ምርጫ ሲጠፋ ብቻ ታገዪ። እኛ ጋ ለአምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 እንደምንለው እናንተ ጋ ሁሉም 911 ነው። ስትደውዪ በመጀመሪያ ያለሽበትን ተናገሪ። የሕንፃውን ስም፣ ፎቁን፣ የክፍሉን ቁጥር። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ የት እንዳለሽ ያውቃሉ።

እሳት ከሆነ አሳንሰር አትግቢ። በሩን ከመክፈትሽ በፊት በእጅሽ ጀርባ ንኪው፣ ከጋለ አትክፈቺው። ጭስ ካለ ዝቅ በዪ። ያን ሌሊት እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያየሁት ይኼን ነው፤ ቆሜ መተንፈስ አቃተኝ፣ ስንበረከክ አየር አገኘሁ። ከወጣሽ በኋላ ደግሞ መሰብሰቢያ ተብሎ የተነገራችሁ ቦታ ሂጂ፣ «አለሁ» በዪ። ውጭ ስታድሪ ለክፍል ጓደኛሽ ተናገሪ። ቁጥጥር አይደለም። ማንም ባዶ ክፍል ውስጥ አንቺን ፍለጋ እንዳይገባ ነው።

መስማት አለብሽ ስልሽ የተወራውን ሁሉ እመኚ ማለቴ ግን አይደለም። ኬንያ ውስጥ በፈረንጆቹ 2015 ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ላይ ሽብርተኞች 148 ሰው ገደሉ። ከ10 ቀን በኋላ ኪኩዩ የሚባለው የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የኤሌክትሪክ ፍንዳታ ሆነ። ተማሪዎቹ መጡብን ብለው በጨለማ ከፎቅ ዘለሉ። አንድ ተማሪ ሞተ፣ ከ100 በላይ ተጎዱ። አልፈርድባቸውም፣ ሐዘኑ ትኩስ ነበር። እኔ የማውቃት ልጅም እንዲሁ ነው የዘለለችው። በቴሌግራም የተዘዋወረ ነገር ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው የላከው ነው ወይ ብለሽ እዪ። ካልሆነ ለሌላ አታስተላልፊው። ከግቢው የመጣውን ግን አትከራከሪው፤ መጀመሪያ ተነሺ፣ ጥያቄው ምድር ቤት ሆነሽ ይደርሳል።

በኛ አቆጣጠር የ2012ን ጥምቀት ታስታውሻለሽ? ጥር 11፣ ጃንሜዳ ሳይሆን እኛው ፋሲል መዋኛ። የእንጨቱ መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች የሞቱበት። አንቺ ከፍ ብዬ ልይ ብለሽ ስታለቅሺ እኔ ከመውጫው በር አጠገብ አልነቃነቅ ብዬ ነበር። ተቆጣሽኝ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፣ ሕዝቡ ተናወጠ፣ እጅሽን ይዤ በሦስት እርምጃ ወጣን። ስለ መደርመሱ ያወቅሁት ነገር ኖሮ አይደለም። ከእሳቱ ሌሊት ወዲህ ብዙ ሰው ያለበት ቦታ ስገባ በመጀመሪያ የማየው መውጫውን ስለሆነ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፣ የሠርግ ድንኳንም ቢሆን።

አንድ ነገር ደግሞ ለኛ ለወላጆችሽ። አንቺ ጋ እኩለ ሌሊት ሲሆን እኛ ጋ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ክፉ ወሬ አንቺ ሳትነቂ እኛ ጋ ሊደርስ ይችላል። የሆነ ነገር ከሆነ በመጀመሪያ ራስሽን አድኚ። ከዚያ ለወንድምሽ «ወጥቻለሁ» ብለሽ በአጭር ጽሑፍ ላኪ። አትደውዪ፣ ያኔ መስመሩ ይጨናነቃል፤ ጽሑፍ ግን ሊያልፍ ይችላል። ኔትወርክ እዚህ ሊጠፋ ስለሚችል አዲስ አበባ ላለው አጎትሽም ያንኑ ላኪ። እሱ እንደምንም ያደርስልናል። እኔ ደግሞ ያቺን ቃል ሳላገኝ በየሰዓቱ እየደወልኩ ስልክሽን ላላስጮኸው ቃል እገባለሁ። ከባድ ነው፣ ግን እችለዋለሁ።

አሁን ደብዳቤውን አስቀምጪና የስልኩን ድምፅ መልሺው። ከዚያ ጫማሽን አድርጊና ከክፍልሽ እስከ ኋላው በር ሂጂ። መብራት ቢጠፋ በእጅሽ እየዳሰስሽ እንድትወርጂ ደረጃውን ቁጠሪው። እሑድ ስንደዋወል ስንት ደረጃ እንደሆነ እጠይቅሻለሁ።

የፋሲል ደብር መድኃኔዓለም ይጠብቅሽ።

እናትሽ፣ ከጎንደር