የካርቡሬተር በረዶ፦ ታኮሜትሩን እዩ

ውድ አባላት፣

ክረምቱ ስለገባ በአውሮፕላን ሞተር ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው ክፍል) ውስጥ ስለሚፈጠር በረዶ እናስታውሳችሁ። «ውጭ 18 ዲግሪ ሆኖ በረዶ ከየት ይመጣል?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ነዳጁ ሲተንና አየሩ በካርቡሬተሩ ጠባብ መተላለፊያ (ቬንቹሪ) ሲያልፍ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ እርጥበቱም የሞተሩን ኃይል በሚቆጣጠረው ስሮትል ቫልቭ ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። አየሩ ከ21 ዲግሪ በታች፣ እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ ሲሆን ስጋቱ ይከፋል፤ በተለይ ኃይል ቀንሳችሁ ስትወርዱ።

ቋሚ ፕሮፔለር (የምላጩ አንግል የማይቀየር) ባላቸው የድሮ ሴስና 172ዎች ላይ ቀድሞ የሚናገረው ታኮሜትሩ (የሞተሩን ዙር የሚያሳየው መሣሪያ) ነው፦ ስሮትል ሳትነኩ አርፒኤሙ (በደቂቃ የዙሩ ብዛት) ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሞተሩ የሚንገራገጨው ከዚያ በኋላ ነው። ስሮትል እየጨመሩ አርፒኤሙን መመለስ ምልክቱን መደበቅ ነው። የካርቡሬተር ማሞቂያውን (ትኩስ አየር የሚያስገባውን መቆጣጠሪያ) እስከ መጨረሻው ሳቡ፤ ግማሽ አይሠራም። አርፒኤሙ መጀመሪያ ይብስበታል፣ የቀለጠው ውሃ ሲገባም ሞተሩ ይተናነቃል። ደንግጦ ማሞቂያውን መመለስ ትልቁ ስህተት ይህን ጊዜ ነው። ጠብቁ፣ አርፒኤሙ ተመልሶ ይወጣል።

ትኩስ አየር ስስ ስለሆነ ድብልቁ ነዳጅ ይበዛበታል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ደግሞ ይብሳል፣ ማሞቂያው ክፍት ከቆየ ሚክስቸሩን አሳንሱ (በድብልቁ ውስጥ የነዳጁን ድርሻ ቀንሱ)። የማሞቂያው አየር በማጣሪያ ስለማያልፍ አቧራማ መሬት ላይ ለፍተሻ ብቻ ክፈቱት። ካርቡሬተር የሌላቸውን 172አር እና 172ኤስ ይህ አይመለከታቸውም።