ቤተ ሙከራውን ለመክፈት የሚፈራ መምህር እንዳይኖር፤ ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ትምህርት መምሪያ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ትምህርት መምሪያ ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ ተማሪዎች በእጃቸው ሠርተው የሚማሩበት ሰዓትና ዕቃ እንዲፈቀድላቸው ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በዞናችን ያለ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አግኝተው ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ቢጠይቁት፣ ሳያመነታ «በመቶ» ይልዎታል። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ውሃ በመቶ ዲግሪ አይፈላም። ከተማችን ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ አየሩ በዚያው መጠን ስለሚሳሳ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። መቶ ዲግሪ የሚባለው በባሕር ወለል ላይ ነው። ልጁ ቁጥሩን ይዞ የባሕሩን ነገር ጥሎታል፤ አልፈርድበትም፤ ባሕርም ቴርሞሜትርም አይቶ አያውቅም።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በጎጃም ትምህርት ቤቶች አስራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬአለሁ። ከእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከልቤ የማይጠፋው ክፍለ ጊዜ፣ የከሰል ምድጃ ወደ ክፍል አስገብቼ አንዲት ድስት ውሃ የጣድሁበት ነው። ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየቀረቡ ቴርሞሜትሩን አነበቡ። ሰማንያ፣ ሰማንያ አምስት፣ ዘጠና። ከዚያ 92 ላይ ቆመ። ውሃው ይፍለቀለቃል፣ ቁጥሩ አልነቃነቅ ይላል። ከሰል ጨመርን፤ ያው ነው። «ቲቸር፣ ዕቃው ተበላሽቷል» አሉኝ። ከመጽሐፉ ይልቅ ዓይናቸውን መጠርጠር ቀልሏቸው ነበር፤ ያ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከኋላ የተቀመጠች፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የመጣች ልጅ እጇን አወጣች። «እኛ አገር ባቄላ ለመብሰል ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። አክስቴ ዘንድ ቆላ ስወርድ ግን ቶሎ ይበስላል» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ እኔ ብዙም አልተናገርሁም። ከፍታው በ300 ሜትር ሲጨምር የመፍያው ነጥብ አንድ ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ብቻ ነገርኋቸው። እነርሱ ደብተራቸውን አውጥተው ደጀን ቁልቁል ወርደው ዓባይ ድልድይ ላይ ውሃ ቢያፈሉ በስንት እንደሚፈላ ማስላት ጀመሩ፤ 96 አካባቢ አሉ። ጮቄ አናት ላይስ? 86 አካባቢ ደረሱ። ደወሉ ሲደወል ማንም አልተነሣም።

ይህን የምጽፍልዎ ግን ስለዚያ ደስታ ብቻ ለማውራት አይደለም። በማግሥቱ የሆነውንም መንገር አለብኝ። ሌላ ክፍል ገብቼ ሙከራውን ስደግም፣ አንድ ልጅ የጋለውን ቴርሞሜትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ መስታወቱ ጢቅ ብሎ ተሰነጠቀ። ያ መሰንጠቅ ራሱ ትምህርት ነበር፦ የውጪው መስታወት ሲኮማተር የውስጡ ገና ትኩስ ስለነበረ ነው፤ ልጆቹም ያንን ጠየቁ፣ ያንን ተማሩ። ሆኖም ቴርሞሜትሩን ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 (በዕቃ ማውጫው ቅጽ) ፈርሜ ያወጣሁት እኔ ነበርሁ። ዋጋውን እንድተካ ተጠየቅሁ፤ ተካሁ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ስለ ገንዘቡ አላማርርም። የከበደኝ ሌላ ነው፤ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ሦስት ባልደረቦቼ የቤተ ሙከራ ቁልፋቸውን መለሱ። የባዮሎጂው መምህር ማይክሮስኮፑን ከነካርቶኑ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ፣ ሕዋስን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሣለ ማስተማር ቀጠለ። ጠንቃቃና ጥሩ መምህር ነው። ልጆች አሉት፤ በደመወዙ ማይክሮስኮፕ ሊተካ አይችልም።

የትምህርት ቤቱን ስም የማልጠራው ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ስላልሆነ ነው። የመንግሥት ንብረት መጠበቅ አለበት፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን የቢሮ ወንበርና የሙከራ ብልቃጥ በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም። ብልቃጥ በሥራ ላይ ይሰበራል። ኬሚካል ያልቃል። ማግኔት ከእጅ ወድቆ ይደክማል። አሁን ባለው አሠራር ከንብረት ዕዳ ነጻ የሚሆነው ቤተ ሙከራውን ከፍቶ የማያውቅ መምህር ነው።

ስለዚህ ዋናው ልመናዬ አንድ ሰርኩላር ነው። በማስተማር ላይ እያለ የተሰበረ ወይም ያለቀ የቤተ ሙከራ ዕቃ፣ መምህሩ በዕለቱ ቃለ ጉባኤ ይዞ እስካስመዘገበ ድረስ፣ እንደ ጠመኔ በሥራ ላይ እንደዋለ ተቆጥሮ ከመዝገብ ይውጣ። መተኪያው ከትምህርት ቤቱ ድጎማ ላይ ይያዝ። የቸልተኝነት ጥፋት ካለ ርዕሰ መምህሩና ወላጅ መምህር ኅብረቱ ያጣሩት። ይህ ሰርኩላር ከእርስዎ ቢሮ ወደ ወረዳዎች ቢወርድ፣ አዲስ ዕቃ ሳይገዛ ያለው ከየካርቶኑ ይወጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰዓት ነው። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለተግባር ትምህርት በመርሐ ግብሩ ላይ ይጻፍ፤ ከተከታታይ ምዘናውም ነጥብ ይያዝለት። ነጥብ የሌለው ነገር በየትምህርት ቤቱ ዕጣው ምን እንደሆነ እርስዎም በመምህርነት ያውቁታል። በተለይ በእነዚህ ዓመታት፣ በግጭቱ ምክንያት ትምህርት እየተቋረጠ ልጆች ወራትን ሲያጡ፣ ስንመለስ መጽሐፉን ለመጨረስ እንሮጣለን፤ መጀመሪያ የሚቀነሰውም ሙከራው ነው። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ወራት ያመለጡት ልጅ አምስት ምዕራፍ በሩጫ ከሚገለብጥ፣ ሁለቱን በእጁ ነክቶ ቢይዛቸው ይሻለዋል። በ2015 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉም የሙከራ እጦት ያመጣው ነው አልልም። በሩጫ መጨረስ ግን እንዳላዋጣን ቁጥሩ ይመሰክራል።

ዕቃ የለም የሚል ምክንያት እንዳይቀርብ ጥቂት ልበል። እርድ በየቤቱ አለ። በውሃ በጥብጦ ወረቀት ነክሮ ማድረቅ ነው። በዚያ ቢጫ ወረቀት ላይ የአመድ ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት ይቀላል፤ ሎሚ ሲጨምቁበት ቢጫነቱ ይመለሳል። አሲድና ቤዝ ይኸው ናቸው፤ ያስወጣው የአንድ ማንኪያ እርድ ዋጋ ነው። በጎዛምንና በማቻከል የአባቶቻችን መሬት በአሲድ ተጎድቶ፣ ገበሬው ኖራ እየተሸከመ ማሳው ላይ ይበትናል። ልጁ ከአባቱ ጋር ኖራ በትኖ በማግሥቱ ክፍል ገብቶ «አሲድ ጎምዛዛ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ኖራው የሚያበርደው ይኸው አሲድ መሆኑን የነገረው የለም። የዚያኑ ማሳ አፈር በሁለት ጣሳ ሞልቶ፣ በአንዱ ኖራ ቀላቅሎ፣ ገብስ ዘርቶ ቁመቱን በየሳምንቱ በማስመሪያ ቢለካ፣ የሚማረው ለአባቱም ይተርፋል። የሞፈርና የቀንበርን ነገር፣ የውሃ ወፍጮን፣ የንብ ቀፎን እንኳን ገና አላነሣሁም።

ደግሞ ይህ ዓይነቱ ትምህርት ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በዲማ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በዋሸራ፣ በጎንጅ ቅኔ ቤቶች ተማሪው የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ አልፎ አያውቅም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔውን በልቡ እያወጣ ይቆጥራል፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ ሲሰብር ይታረማል፤ በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። የሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ቅኔ ሰበረ ተብሎ ዕዳ የተጻፈበት ተማሪ ግን የለም። ያ ሥርዓት በቅርባችን እያለ፣ የእኛ ተማሪ የሌላ ሰው ሙከራ ውጤት ሸምድዶ ሲያልፍ ዝም ማለታችን ያንገበግበኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዓመት አንድ ጊዜ የምናዘጋጃቸው የሳይንስና ፈጠራ አውደ ርዕዮች ላይ መምህሩ የሠራው ሞዴል በተማሪ ስም ቆሞ ሲጎበኝ አይቻለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ፤ አሁን ይጸጽተኛል። ዳኞቹ «ማን ሠራው?» ከማለት ይልቅ «ፈትተህ መልሰህ ግጠመው» ቢሉት ይሻላል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ቅርባችን ነው። መምሪያው በደብዳቤ ቢጠይቅ፣ የሳይንስ መምህራኑና ተማሪዎቹ በየጉድኝት ማዕከሉ (ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች በሚሰባሰቡበት) እየወጡ የተዘጉትን ካርቶኖች ከእኛ ጋር ቢከፍቱ ብዙ መምህር ፍርሃቱ ይለቀዋል። ማይክሮስኮፕ አስተካክሎ ማየት ያልተለማመደ መምህር መኖሩን ደብቄ አልጽፍልዎትም።

ክቡር ሆይ፣ ሐሙስ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነው። ቢመጡልን ድስቷን ጥደን እንጠብቅዎታለን። ቴርሞሜትሩን የሚያነቡልዎት ልጆቹ ናቸው፤ ቢሰበርም በዚያው ቀን ቃለ ጉባኤውን አብረውን ይፈርማሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ምሥራቅ ጎጃም

ግልባጭ፦
በዞኑ ለሚገኙ ወላጅ መምህር ኅብረቶች