ፈንጂ በመታን ሌሊት ለደረሳችሁልን ሁሉ

ይድረስ ከመርከባችን ላልተለያችሁ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ከሩቅ ለመጣችሁልን የጎታች መርከብ ሠራተኞችና ጠላቂዎች፤

በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ሳቢያ የፋርስ ባህረ ሰላጤ ውሃ ለነጋዴ መርከቦች አስጊ በሆነበት በ1987 እ.ኤ.አ. ነበር የተመታነው። በዚያው ዓመት ጁላይ 24 ቀን «ብሪጅተን» የተባለችው ግዙፍ ታንከር (ነዳጅ ጫኝ መርከብ) በአሜሪካ የጦር መርከቦች ታጅባ ስትጓዝ በፋርሲ ደሴት አቅራቢያ ፈንጂ እንደመታት፣ ከዚያም አጃቢዎቿ ራሳቸው ከኋላዋ ተሰልፈው እንደተከተሏት ሰምተናል። እኛ አጃቢ አልነበረንም። ከሳምንታት በኋላ ነዳጅ ለመጫን ባዶዋን ስንነዳ፣ በብረት ገመድ ታስሮ ከውሃው በታች የተደበቀ ፈንጂ በቀኝ ጎናችን ፈነዳ።

ባዶ ታንከር ከሞላው ይልቅ እንደሚያስፈራ ብዙ ሰው አይገነዘብም፤ ዘይቱ ከተራገፈ በኋላ የሚቀረው ተን ከአየር ጋር ከተደባለቀ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ተኑ እንዳይቀጣጠል በየታንኩ ያለው ኦክስጅን ከመቶ 8 እጅ በታች መሆኑን ሳይለኩ ቁርስ የማይቀርቡት የመርከባችን አንደኛ መኮንን፣ እሳት ያልተነሳው በእርስዎ ትጋት ነውና ከልብ አመሰግንዎታለሁ።

ፍንዳታው የፓምፕ ክፍሉን ጎን ሰንጥቆት ነበር። ያን ክፍል ከሞተር ክፍሉ የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ቢሸነፍ ሞተሩም መብራቱም በአንድ ጊዜ ይጠፉብን ነበር። እርስዎ የፓምፕ ኃላፊያችን፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ለብሰው፣ ውሃና ዘይት እስከ ጉልበትዎ ደርሶ ቫልቮቹን አንድ በአንድ በእጅዎ ሲዘጉ፣ እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ ባትሪ አበራልዎ ነበር። በየአሥር ደቂቃው የውሃውን ከፍታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያሰምሩ ነበር፤ መስመሮቹ መጀመሪያ በስንዝር፣ ቀጥሎ በአራት ጣት፣ ከዚያም በአንድ ጣት ተራራቁ። አዲሷ መስመር በአሮጌዋ ላይ ስታርፍ ቀና ብለው ጠመኔውን ወደ እኔ ከፍ አደረጉት። ያን ጊዜ በጭንብሉ ምክንያት ልነግርዎ ያልቻልሁትን ምስጋና ዛሬ በአደባባይ አቀርባለሁ።

ሌላ ፈንጂ እንደሌለ ማንም ሊያረጋግጥላችሁ በማይችልበት ባህር፣ ገና ሳይነጋ ገመድ የወረወራችሁልን የጎታች መርከብ ሠራተኞች ሆይ፣ ወደቡ ላይ ስንደርስ ገመዳችሁን ፈትታችሁ ወዲያው ወደ ሌላ ጥሪ ስለሄዳችሁ ስማችሁን እንኳ አልጠየቅንም። ይህ ደብዳቤ ከእጃችሁ ከገባ ጻፉልን፤ ካፒቴኑና መላው ሠራተኛ እያንዳንዳችሁን በስማችሁ ማመስገን እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመርከቧ ሁለተኛ መሐንዲስ