ዋርሳዋ ውጭ ይጠብቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደሴ ውስጥ ራጅ ሳነሳ 19 ዓመት ሆነኝ። ለጋዜጣ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው ስለ አንዲት ጥያቄ ነው። ራጅ ክፍል በር ላይ ትጠየቃለች፣ ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም። እንደነገሩ ከተጠየቀች ግን መልሷ ውሸት ይሆናል።

የካቲት ላይ ነው። ጦሳ ጉም ለብሷል። ተራ ጠባቂው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ አግዳሚው ላይ ተደርድሯል። ከኩታበር የመጣች አንዲት ልጅ ገባች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ጀሪካን ውሃ አዝላ ቁልቁለት ስትወርድ አዳልጧት ወድቃ ወገቧን ታማለች። ማዘዣው የወገብ ራጅ ይላል። ወረቀቱን የያዘው ግን እሷ ሳትሆን ዋርሳዋ ነው። ባሏ ለሥራ ርቆ ስለሄደ ወንድሙ ነው ይዟት የመጣው። ደግ ልጅ ነው፤ ብርዱን አይቶ የራሱን ኮት አልብሷታል።

«እህቴ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ?» አልኳት።

እሷ አፏን ሳትከፍት እሱ ቀደመ። «ኧረ የለም፣ ምንም የለባትም!»

ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ትጠመጥማለች። እዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስትቆዩ ጣት ማንበብ ትለምዳላችሁ።

«ወንድሜ፣ አንተ ውጭ ቆይልኝ። ጨረሩ በከንቱ አንተን ለምን ይነካሃል?» አልኩት። በሩን ዘጋሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «የወር አበባሽ መቼ ነበር የመጣው?» አልኳት።

«ከቀረ ሁለት ወሩ ነው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «አደራ፣ ለሱ እንዳትነግሪብኝ።»

እኛ ወሎዎች ጽንስ ገና በጥዋቱ አይወራም እንላለን። ዓይን እንዳይወጋው፣ ሰው አፍ እንዳይገባ። ለባል እንኳ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። እንኳን ለዋርሳ፣ እንኳን አግዳሚው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ በሚሰማበት በር ላይ። ይሄ ነውር አይደለም፣ ባህላችን ነው። ባህሉን አውቆ መጠየቅ የኛ የባለሙያዎቹ ፋንታ ነው።

ማዘዣውን ይዛ ወደ ሐኪሙ ተመለሰች። ሽንቷ ታየ፣ እርጉዝ ናት። እግሯ አልደነዘዘም፣ አጥንት የተሰበረበት ምልክት የለም። ሐኪሙ ማስታገሻና ዕረፍት አዘዘላት፣ ራጁ ይቆይ አለ። ለዋርሳዋ «ሐኪሙ ሐሳቡን ቀይሯል» ብቻ ነው የተባለው። እሱም እውነት ነው።

አሁን አንባቢ፣ «ያን ቀን ራጁን ብትነሳ ልጁ ይጎዳ ነበር?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልሴ «በጭራሽ አይመስለኝም» ነው። የምጽፍበት ዋናው ምክንያትም እዚህ ላይ ነው። ሰዎቻችን ጨረርን ወይ ከመጠን በላይ ይፈሩታል፣ ወይ ጨርሶ አይፈሩትም።

ራጅ እንደ ብርሃን ያለ ጨረር ነው። ልዩነቱ ጉልበቱ ላይ ነው። ሥጋችንን አልፎ ይሄዳል፤ ሲያልፍም ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ፈንቅሎ ማውጣት ይችላል። ህዋሳችን ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ አልፎ አልፎ የሚነካው በዚህ ነው። ሰውነት አብዛኛውን ጉዳት ራሱ ይጠግናል። ሳይጠገን የቀረው ከብዙ ዓመት በኋላ የካንሰርን ዕድል በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የስልክ ሞገድ እንዲህ ያለ ጉልበት የለውም። አልትራሳውንድ ድምፅ ነው፣ ኤምአርአይ ማግኔትና የራዲዮ ሞገድ ነው። በነዚህ ሁለቱ ራጅ ውስጥ ያለው ዓይነት ጨረር የለም።

መጠኑን የምንለካው በሚሊሲቨርት ነው። ሰው ሁሉ ራጅ ባይነሳም ከአፈሩ፣ ከድንጋዩ፣ ከሰማዩ፣ ከሚበላው ምግብ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ያገኛል። የደረት ራጅ ከ0.02 እስከ 0.1 ነው። ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ዝም ብላችሁ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የምታገኙት ማለት ነው። የሆድ ሲቲ ስካን፣ ያ ዙሪያውን በራጅ እያነሳ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው ትልቁ ማሽን፣ ግን ወደ 8 ወይም 10 ይደርሳል። አንድ ሲቲ ቢያንስ የ80 የደረት ራጅ ያህል ነው። «ዶክተር፣ ትልቁን ማሽን እዘዙልኝ» የሚሉ አባቶች ይሄን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል። ትልቁ ማሽን ለሚያስፈልገው ሰው ነፍስ ያድናል። ለራስ ምታት ሁሉ ግን የሚነሱት አይደለም።

ወደ ጽንሱ ልመለስ። እናት የደረት ራጅ ብትነሳ ጽንሱ ጋ የሚደርሰው ከ0.01 ሚሊሲቨርት በታች ነው። የወገብ ራጅ ቢሆን በአማካይ ወደ 2። የዳሌ ሲቲ ቢሆን 25 አካባቢ። ጽንስን ለአካል ጉዳት ወይም ለአእምሮ ዕድገት ችግር ይዳርጋል ተብሎ የሚፈራው ከ100 በላይ ሲሆን ነው። ታዲያ የኩታበሯን ልጅ ለምን መለስኳት? ራጁ ሊቆይ የሚችል ስለነበረ ነው። ጽንስ ህዋሱ በፍጥነት ስለሚባዛ ከትልቅ ሰው ይልቅ ለጨረር ስስ ነው፤ ትንሽም ብትሆን ያለ ምክንያት አናሸክመው። መኪና ገልብጧት ደም እየፈሰሳት ብትመጣ ግን ሁለት ጊዜ ሳላስብ አነሳታለሁ።

ስለሌላዋ ሴት ደግሞ ልንገራችሁ። ከሐይቅ የመጣች ናት። ሳል ይዟት የደረት ራጅ ተነስታ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ እርጉዝ መሆኗን አወቀች። ቡና ላይ ለጎረቤቶቿ አወራች። አቦሉ ሳያልቅ «ልጁ ተቃጥሏል» ተባለች። በረካው ላይ ሲደረስ የምታስወርድበት ቀን ተቆርጦ ነበር። እግዜር ይስጣት፣ ከማስወረዷ በፊት እኔ ጋ መጣች። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። 0.01 እዚህ፣ 100 እዚያ። በመሃላቸው ያለውን ርቀት በጣቷ እየተከተለች አየችው፤ ከዚያ አለቀሰች። ልጇ አሁን ይሮጣል።

ይሄ የኛ ሰው አላዋቂነት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1986 ዩክሬን ውስጥ የቼርኖቢል የኑክሌር ማብለያ ከፈነዳ በኋላ ግሪክ ውስጥ ብዙ ጤነኛ ጽንሶች በፍርሃት ብቻ ተቋርጠዋል። ግሪክ የደረሰው ጨረር ለዚያ የሚያበቃ አልነበረም። የተማረም ሰው ቁጥሩን የሚነግረው ካጣ እንዲሁ ነው። እዚያው ቼርኖቢል አካባቢ ደግሞ ጨረር በሚያወጣው አዮዲን 131 የተበከለ ወተት የጠጡ ብዙ ሕፃናት ኋላ ላይ የእንቅርት ዕጢ ካንሰር ያዛቸው። መጠኑ ነው ሁሉንም ነገር የሚለየው።

የራሴንም ልናገር። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ የምሠራው አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነበር። የቱ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። እኔም እርግዝናዬን እስከ አራተኛ ወሬ ደበቅኩ። ሥራዬን የሚያሳጣኝ መሰለኝ፤ ዓይኑንም ፈራሁ። በሩ ተራ የእንጨት በር ነበር፣ ውስጡ እርሳስ የለውም። የታካሚው አግዳሚ ከዚያው በር አጠገብ ነው። የምንቀበለውን ጨረር የሚመዘግበው ባጅ አልተሰጠንም። አንድ ሌድ ኤፕረን ነበር፣ ያ ከባዱ እርሳስ ያለበት ሽርጥ፤ እሱም ሁልጊዜ ለሁለት ታጥፎ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል።

አንድ ቀን ሰው ጋብ ሲል ኤፕረኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ራሱን ራጅ አነሳሁት። ፊልሙን ዳርክሩም ውስጥ አጥቤ ለመብራቱ ስይዘው፣ ነጭ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ጥቁር መስመር ተጋድሟል። በመታጠፊያው ልክ፣ ልክ ሆዴ ላይ የሚያርፍበት። እርሳሱ ተሰንጥቋል። ጨረሩ በዚያ ያልፋል ማለት ነው። ያቺ ጥቁር መስመር እስካሁን በህልሜ ትመጣለች።

ጎረቤቶቼ «ወተት ጠጪበት» አሉኝ። ጠጣሁ። ወተት ለነፍሰ ጡር ጥሩ ነው፣ ጨረርን ግን አያጥብም። ልጄ ደህና ተወለደ፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። የደረሰኝም መጠን ትንሽ ሳይሆን አይቀርም፤ ራጅ ሳነሳ ሁልጊዜ ከግንቡ ጀርባ እቆም ነበርና። ግን አልተለካም። ስላልተለካ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት ሆዴን እያሻሸሁ ተጨነቅኩ። ሁለተኛዋን ሳረግዝ ሌላ ቦታ ነበርኩ። በሁለተኛው ወር ነገርኳቸው። ከኤፕረኑ ስር ሆዴ ላይ የማደርገው ባጅ ተሰጠኝ። እርግዝናዋን ከተናገረች ጀምሮ እስክትወልድ የሠራተኛዋ ጽንስ ከ1 ሚሊሲቨርት በላይ እንዳይቀበል ነው ደንቡ። የኔ ከዚያ በታች ሆኖ ተነበበ። ያን ሰሞን እንቅልፌን ተኛሁ።

መከላከያው ረቂቅ ነገር አይደለም፤ ጊዜ፣ ርቀትና ከለላ ነው። ርቀት የምናውቀው ነገር ነው፣ ምድጃ አጠገብ የተቀመጠና በር ላይ የተቀመጠ እኩል አይሞቁም። ጨረር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ብትርቁ የሚደርስባችሁ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ወደ ሦስት ብትርቁ ወደ አንድ ዘጠነኛ። ስለዚህ አጃቢ ሁሉ ተግተልትሎ አይግባ። ሕፃን የሚይዝ ሰው ካስፈለገ አንድ ሰው፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነ፣ ኤፕረን ለብሶ። እኛ ባለሙያዎች በየቀኑ መያዝ የለብንም። የአሜሪካዊው የፈጠራ ሰው የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ የራጅ ቱቦ በሠሩ ቁጥር በገዛ እጁ ይሞክር ነበር። እጆቹ ተቆርጠው እ.ኤ.አ. በ1904 ሞተ። ራጅ በተገኘ በዘጠነኛ ዓመቱ መሆኑ ነው።

ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል። እንደ አምፖል ነው፣ ክፍሉ ውስጥ አይቀርም። «ልብሴን ልጠብ?» የምትሉኝ እናቶች፣ አያስፈልግም። ፊልሙም ምንም አያወጣም፣ አልጋ ስር አስቀምጡት። እባካችሁ ግን አትጣሉት። ከደላንታ ድረስ የድሮ ፊልሞቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው የሚያመጡልኝ አንድ ሽማግሌ አሉ። እሳቸውን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። አሮጌው ስላለ ብቻ ሁለት ጊዜ አዲስ ራጅ ሳናነሳቸው ቀርተናል።

ለጤና ተቋማት ኃላፊዎች የምለው አለኝ። በአገራችን ራጅ ማሽን ያለ ፈቃድ ማሠራት ክልክል ነው፣ ያንን ታውቃላችሁ። እኔ የምለምናችሁ ከወረቀቱ በላይ ነው። አግዳሚውን ከራጅ በር አርቁት። ኤፕረኑን የሚሰቅል ወፍራም ዘንግ አሠሩለት፣ አይታጠፍ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ራሱን ራጅ አንሱት። ለሠራተኛው ባጅ ስጡት። ሴት ታካሚ ስትመጣ ደግሞ ባለሙያው ብቻዋን የሚጠይቅበት፣ በመጋረጃም ቢሆን የተከለለ አንድ ጥግ ይኑር። ወንድ ባለሙያ ከሆነ ነርሷን ይጥራ።

እኔ በሬ ላይ በእጄ ጽፌ የለጠፍኩት ወረቀት አለ። ጋዜጣው በትልቁ ቢያትምልኝ ሌሎች ክሊኒኮች ቆርጠው ይለጥፉታል ብዬ ነው። እንዲህ ይላል፦

«እህቴ፣ የወር አበባሽ ቀርቶ ከሆነ ወይም ከተጠራጠርሽ ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ንገሪኝ። ለማንም አልናገርም። አብሮሽ የመጣው ሰው ውጭ ይጠብቃል።»

ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ እኔው በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የራጅ ባለሙያ
ከደሴ