የኬንት የቤተሰብ ጉዞ ቀን በባሕሩ ሙላት ይቆረጥ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰመር ሲቃረብ የማስታወቂያ ዓምዳችሁ በማኅበራት የቤተሰብ ጉዞ ይሞላል። መድረሻው ብዙውን ጊዜ ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ ያለው ኬንት ነው፤ የባሕር ዳር ከተሞቹ ማርጌት ወይም ዊትስተብል። ቀኑም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የኦገስት የመጨረሻው ሰኞ፣ ባንክ ሆሊደይ የሚባለው የሕዝብ በዓል። ሥራ የለም፣ ፍልሰታም ተፈቷል፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ባሕሩ ግን በዓላችንን አይጠብቅም። እዚያ ዳርቻ ላይ ውሎውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም የሙላቱ ሰዓት ነው።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ማርጌት ላይ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ወይም አዲስ በምትወለድበት ሰሞን ባሕሩ የሚሞላው እኩለ ቀን አካባቢ ወይም ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው፤ ሙላቱም ያን ጊዜ ይበረታል። ከለንደን ጠዋት የተነሳ አውቶቡስ የሚደርሰው ልክ አሸዋው በጠበበበት ሰዓት ይሆናል። ሳምንት ቆይቶ፣ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን፣ በዚያው ሰዓት ባሕሩ ሸሽቶ አሸዋው ሰፍቶ ይጠብቃል። ትንንሽ ልጆች ካሉ ግማሽ ጨረቃ ያለችበት ቅዳሜ ይሻላል።

የሙላት ሠንጠረዥ ስታነቡ ሁለት ነገር ያሳስታል። አንዳንዱ ሠንጠረዥ ዓመቱን ሙሉ በግሪንዊች ሰዓት ስለሚታተም በሰመር አንድ ሰዓት መጨመር አለበት። ሌላው የእኛው ጣጣ ነው፤ በቴሌግራም «ባሕሩ 4 ሰዓት ይጎድላል» ተብሎ ሲላክ ግማሹ ሰው ረፋድ፣ ግማሹ ከሰዓት በኋላ ብሎ ይረዳዋል። «በፈረንጅ» ወይም «በሐበሻ» ብላችሁ ጨምሩበት።

ዊትስተብል ሌላ ዓይነት ነው። ዳርቻው ጠጠር ስለሆነ ያለ ጫማ አይኬድም። ባሕሩ ሲጎድል ታንከርተን ከሚባለው ሰፈር ፊት ለፊት «ዘ ስትሪት» የሚባል የጠጠር መንገድ ግማሽ ማይል ያህል ወደ ባሕሩ ገብቶ ይታያል። ልጆች ይወዱታል። ነገር ግን ግራና ቀኙ ሰው የሚወስድ ኃይለኛ የውኃ ፍሰት ስላለው ከመንገዱ ላይ ሆኖ መዋኘት አይገባም፤ ውኃው መመለስ ሲጀምርም ጫፉ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት የለም። በማርጌትና በብሮድስቴርስ መካከል ባለው በቦተኒ ቤይም ሙላቱ ሰውን ከኖራው ገደል ጋር ያጣብቃል፤ ገደሉ ራሱ ስለሚናድ ሥሩ ምንጣፍ አታንጥፉ።

በጣም የምፈራው ግን በአየር የሚነፉትን ፍራሾችና ጀልባዎች ነው። የማርጌት ዳርቻ ወደ ሰሜን ያያል፤ በእንግሊዝ አብዝቶ የሚነፍሰው ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይገፋል፤ ዳር ላይ ውኃው ጸጥ ያለ ስለሚመስል ወላጅ ይዘናጋል፤ ፍራሹ ግን ልጁን ይዞ ይሄዳል። ብርቱካንማ የነፋስ ከረጢት ከተሰቀለ ምንም የሚነፋ ነገር ውኃ ውስጥ አይገባም። መዋኛው በቀይና ቢጫ ባንዲራዎቹ መካከል ብቻ ነው፤ ቀይ ባንዲራ ብቻውን ከሆነ ጨርሶ አይገባም። ሰው ከተወሰደ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው። 999 ደውላችሁ «ኮስትጋርድ» (የባሕር ዳርቻ ጥበቃ) በሉ፤ በውኃው ውስጥ ያለው በጀርባው እንዲንሳፈፍ ጩኹለት።

ለቡና ከሰል የምትይዙ ደግሞ ፍሙን አሸዋ ውስጥ አትቅበሩት። የተቀበረ ፍም ለሰዓታት ሙቀቱን ይይዛል፤ ከላይ ምንም ስለማይታይ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሕፃን ይረግጠዋል። በባልዲ ውኃ አጥፉት። በጾም ቀን ቺፕስ ስትገዙ በምን እንደተጠበሰ ጠይቁ፤ በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ።

ፍሬ ለቀማ የሚጨመር ከሆነ ወቅቱ ይታወቅ። እንጆሪ ጁንና ጁላይ፣ ቼሪ ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ መጨረሻ፣ ፖም በዋናነት ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው። በባንክ ሆሊደይ የሚሄድ ሰው ቼሪው አልፎበት፣ ቀድሞ ከሚደርሰው ዲስከቨሪ ከሚባለው ዝርያ በቀር ፖሙ ገና ሆኖ ያገኘዋል። ትምህርት ቤት ከሚዘጋበት ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት 6 ያለው ጊዜ ከፍልሰታ በፊት ስለሆነ ለእኛ የተመቸ ነው፤ ፍሬው መቼም ጾም አያስገድፍም። እንጆሪ ከነአረንጓዴ ቅጠሉ ይቀንጠስ፣ በጥልቅ ባልዲ አይከመር፤ የታችኛው ይጨፈለቃል። እስኪበላም አይታጠብ፣ ቶሎ ይሻግታል። ፖም በመዳፍ ይዞ ወደ ላይ ቀና አድርጎ መጠምዘዝ ነው፤ እምቢ ካለ አልደረሰም። ብራምሊ የማብሰያ ፖም ስለሆነ ልጆቹ ነክሰው ይጥሉታል። ዝርያውን ማየት የሚወድ ፋቨርሻም አጠገብ ብሮግዴል አለለት፤ የብሔራዊው የፍሬ ስብስብ ከ2,000 በላይ የፖም ዝርያ ይዟል።

በባቡር ለሚሄዱ፦ ከለንደኑ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ የሚነሳው ፈጣን ባቡር ተጨማሪ ክፍያ ስላለው በተራው ባቡር ትኬት አትሳፈሩበት። ከ3 እስከ 9 አዋቂዎች አብረው ከሄዱ ከጥድፊያ ሰዓት ውጭ ግሩፕሴቭ በሚባለው የቡድን ቅናሽ ሲሶው ይቀነሳል። ልጆች ካሉ ፋሚሊ ኤንድ ፍሬንድስ የሚባለው የባቡር ቅናሽ ካርድ ይበልጣል፤ ከአዋቂው ሲሶ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ካለው ልጅ ደግሞ 60 በመቶ ይቀንሳል።

ከጋዜጣው የምጠይቀው ቀላል ነው። የጉዞ ማስታወቂያ ስታወጡ ከመነሻው ሰዓት አጠገብ የዚያን ቀን የሙላትና የጉድለት ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ እንዲጻፍ አዘጋጆቹን ጠይቋቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደቡብ ለንደን