የቆየ ፊልም ላይ ሄቪ ሜታል ሲገባ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የቆዩ ምናባዊ ፊልሞችን በሄቪ ሜታል (በኃይለኛ የሮክ ስልት) አጅቦ እንደገና ስለማቀናበር ያወጣችሁት ጽሑፍ ደስ ይላል፤ የሥራውን ዋና ጣጣ ግን ዘሎታል። የሙዚቃ ደራሲው ጆርጂዮ ሞሮደር እ.ኤ.አ. በ1984 የዳይሬክተሩን የፍሪትዝ ላንግን የቆየ ፊልም «ሜትሮፖሊስ» በሮክ ዘፈኖች ሲያወጣው ፊልሙ ድምፅ አልባ ነበርና ከነባር ንግግር ጋር አልታገለም። ንግግርና ሙዚቃ በአንድ ትራክ በተቀዱበት ፊልም ግን ሙዚቃውን ስትቀንሱ ተዋናዩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ 5.1 ድምፅ ያለውን፣ ማለትም ድምፁ በስድስት ቻናሎች ተለይቶ የተቀመጠበትን ቅጂ መያዝ ይሻላል፤ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ መሃለኛው ቻናል ላይ ነው።

ትልቁ ችግር ምቱ ነው። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሄድ፣ በደቂቃ 160 ምት ያለው ዘፈን በየ9 ፍሬሙ ስለሚመታ ቆረጣው (ከአንድ ቀረጻ ወደ ሌላው መሻገሪያው) ልክ ከበሮው ላይ ያርፋል። 140 ከሆነ ግን ምቱ ከ10 ፍሬም ትንሽ ያልፋል፤ በየ10 ፍሬሙ የቆረጠ ሰው በ8 ምት ውስጥ ከ2 ፍሬም በላይ ይቀድማል። ሰይፍ ሲጋጭ ይህ በግልጽ ያስታውቃል። መፍትሔው ዘፈኑን ቃናው ሳይለወጥ ወደ 144 ማፍጠን ነው፤ ያኔ በትክክል 10 ፍሬም ይሆናል።

ጊታሩ ንግግሩን እንዳይውጠው ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ (ንግግር ጎልቶ በሚሰማበት የድምፅ ክልል) ያለውን ድምፁን በ4 ዴሲቤል ግድም ዝቅ ማድረግ ይበጃል። ሙሉውን ፊልም በሜታል መሸፈን ግን ፈጽሞ አልደግፍም፤ ከውጊያው በፊት ያለው ጸጥታ መነካት የለበትም።

አክባሪያችሁ፣
የፊልም ቅንብር ባለሙያ