ለጎንደር ፖስታ ቤት ኃላፊ፦ ስለ አንድ ዟሪ ሣጥን

የተከበሩ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ። ይህ ደብዳቤ አቤቱታ አይደለም፤ በመሥሪያ ቤትዎ ላይ ቅሬታ የለኝም። ጥያቄ ነው፤ ያውም የሰማው ሁሉ ፈገግ የሚልበት ጥያቄ። ዘጠኝ ሰዎች የድሮ ብስክሌት መለዋወጫ የተሞላ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን በፖስታ ከከተማ ወደ ከተማ ልናዞር አስበናል። ይህን ግልጽ ደብዳቤ አድርጌ የጻፍሁትም ስምንቱ ወዳጆቼ ይህንኑ ቆርጠው በየከተማቸው ላለው ፖስታ ቤት እንዲያሳዩ ነው። ከእነርሱ መካከል ደብዳቤ መጻፍ የሚወድ የለም፤ ሁሉም የሚወዱት ብሎን መፍታት ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የብረታ ብረት ሥራ መምህር ነኝ። ከባሕር ዳር አንዲት ነርስ፣ ከደብረ ማርቆስ አንድ ጎሚስታ፣ ከአዲስ አበባ ሦስት፣ ከጅማ፣ ከድሬዳዋና ከደሴ አንዳንድ ሰው አለን። ሰብሳቢዎች ነን ብንል ያኮራናል፤ እውነቱን ለመናገር ግን በሰው ግቢ ጥግ የዛገ ብስክሌት ባየን ቁጥር ባለቤቱን ለምነን የምንወስድ፣ ቤተሰብም በዚህ የሚያፍርብን ሰዎች ነን። ነጋዴ በመካከላችን የለም። ይህን ወደ ኋላ ስለምመለስበት ይያዙልኝ።

ጎንደር የብስክሌት ከተማ አይደለችም። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል መልቀቅ ደስ ይላል፤ መመለሻው ግን ብስክሌቱን እየገፉ ነው። የባሕር ዳሯ ወዳጄ በዚያ ሜዳ ላይ ተቀምጣ ሁልጊዜ ትስቅብኛለች። ቢሆንም ከእኛ ከተማ የተረፈ ነገር አለ። ጣልያን ጎንደርን መጋቢት 1928 ዓ.ም. ገብቶባት ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቷል፤ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽጉን ያስረከበውም ኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ነው። ሕንፃዎቹን ጥሎ እንደሄደ ቃላቱንም ጥሎ ሄዷል። እስቲ ማንኛውም ጋራዥ ጎራ ብለው ያዳምጡ፤ ቸርኬ፣ ሞዞ (የመንኮራኩሩ እምብርት)፣ ሞላ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ፣ ከመነዳሪ ሲባል ይሰማሉ። ልጆቹ ጣልያንኛ እየተናገሩ መሆናቸውን አያውቁም፤ ማወቅም አያስፈልጋቸው። አባቴ ከአንድ ባለ ሱቅ በብድር የገዛው ቢያንኪ የተባለ የጣልያን ብስክሌትም እስካሁን ከእኔ ዘንድ አለ።

ታዲያ መለዋወጥ ለምን አስፈለገ? ችግሩ ያለው የብሎኑ ጥርስ ላይ ነው። ትንሽ ይታገሡኝ፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁት ነገር ስለሆነ ማሳጠር አልችልም።

የፔዳሉ ዘንግ የሚሽከረከረው ግራና ቀኝ በተገጠሙ ሁለት የብረት ኩባያዎች ውስጥ ነው፤ በኩባያዎቹና በዘንጉ መካከል ብይ ይደረደራል። የጣልያኑ ኩባያ ስፋት 36 ሚሊ ሜትር ነው። የእንግሊዙ 34.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ከ1.2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በዓይን ቢያዩት አንድ ናቸው ብለው ይምላሉ። አንዱ በሌላው ቦታ ግን አይገባም። ደግሞ የእንግሊዙ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ኩባያ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ የጣልያኑ በሁለቱም ጎን ወደ ቀኝ ነው። የአባቴ ቢያንኪ በጋ ከክረምት በሰንሰለቱ በኩል እየላላ የሚያስቸግረኝ በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር በተነዳ ቁጥር የፔዳሉ ዘንግ መዞር ራሱ ኩባያውን ይፈታዋል። በእንግሊዞቹ መካከልም ስምምነት የለም፦ ሌሎቹ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ሲያወጡ ራሌ የተባለው የኖቲንግሃም ፋብሪካ ለረጅም ዘመን 26 ያወጣ ነበር። ፔዳሉን የተሸከመውን ክንድ ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ትንሽ ሽብልቅ እንኳ የእንግሊዝ ስትሆን ውፍረቷ 9.5፣ የፈረንሳይ ስትሆን 9 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር! ወፍራሟን በሞርድ ማሳነስ ይቻላል፤ ቀጭኗን ማወፈር ግን አይቻልም። አንድ ያላወቀ ሰው ቀጭኗን በእንግሊዝ ክንድ ላይ በመዶሻ አስገብቶ ዳገት ሲጀምር ክንዱ ሲዞርበት አይቻለሁ፤ ጉልበቱ እስካሁን ጠባሳ አለው።

ስለዚህ እኔ ዘንድ ሦስት የእንግሊዝ ኩባያዎች፣ ያውም ባለ 26 ጥርሶቹ፣ በግራሶ ተቀብተው በጋዜጣ ተጠቅልለው ያለ ሥራ ተቀምጠዋል፤ የደሴው ወዳጄ ደግሞ ራሌ ይዞ ኩባያ አጥቷል። እርሱ ዘንድ ያለው የጣልያን ሽብልቅ ለእኔ ነው። የጅማው ሰው ባለ አርባ ቀዳዳ የኋላ ሞዞ አለው፤ ባለ አርባ ቀዳዳውን ቸርኬ ግን የያዘችው ነርሷ ናት። እንዲህ ያለ ዕቃ በሱቅ አይገኝም፤ ከሚሠሩት ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ማምረት ካቆሙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በቶርኖ ማስቀረጽ ይቻል ነበር፤ ዋጋው ግን አዲስ የቻይና ብስክሌት ከመግዛት ብዙ አይርቅም።

እስካሁን የምንላላከው በአውቶቡስ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለደሴው ወዳጄ ስተርሚ አርቸር የተባለ አንድ የእንግሊዝ ሞዞ ላክሁለት። ሞዞ ሲባል እንዲሁ ሞዞ እንዳይመስልዎ። በዚያች ቀፎ ውስጥ አንድ መካከለኛ ጥርስ፣ በዙሪያው የሚሽከረከሩ አራት ትናንሽ ጥርሶች፣ እነዚህን ሁሉ ያቀፈ አንድ ቀለበት አለ፤ ሦስት ማርሽ ትሰጣለች፣ ከውጭ ግን ከጎኗ ከምትገባው ቀጭን ሰንሰለት በቀር የሚታይ ነገር የለም። በሁለተኛው ማርሽ ቀጥታ ትነዳለች፤ በሦስተኛው ፍጥነቷን በሲሶ ትጨምራለች፤ በአንደኛው በሩብ ትቀንሳለች። ለጎንደር ሰው ያቺ ሩብ ምን ማለት እንደሆነች ቀበሌ አሥራ ምናምን ላይ የሚኖር ያውቀዋል። ቀፎዋ ላይ የተሠራችበት ዓመት በሁለት አኃዝ ተቀርጿል፤ ያቺኛዋ 54 ትላለች። በትንሽ ክዳኗ በኩል ጥቂት ዘይት ጠብ ካደረጉባት ከሰው ዕድሜ በላይ ትኖራለች።

ይህችን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በሲባጎ አስሬ፣ ስምና ስልክ ጽፌ ለአንድ አውቶቡስ ረዳት ሰጠሁ። ረዳቱ በመንገድ ለሌላ ረዳት አስተላለፈ፤ ያኛው ለማን እንደሰጠ የሚያውቅ ጠፋ። ወዳጄ ከመናኸሪያ መናኸሪያ ሲመላለስ ስድስት ወር አለፈ። በመጨረሻ ሽንኩርት ሊገዛ ቆሞ ሳለ፣ ሻጯ በሚዛኗ አንድ ወገን ላይ ምን አስቀምጣ ቢያይ ጥሩ ነው? ያቺው ሞዞ የአንድ ኪሎ ድንጋይ ሆና ተቀምጣለች። እውነትም ወደ አንድ ኪሎ ትጠጋለች፤ ሴትዮዋ አላጭበረበረችም። እርሱም እውነተኛ የአንድ ኪሎ ሚዛን ገዝቶላት ሞዞዋን ወሰደ፤ ቀፎዋን ከፍቶ ቢያይ ከጥቂት የሽንኩርት ልጣጭ በቀር የጎደለ ነገር አልነበረም። እኔ በሞዞዋ እኮራለሁ፤ በአላላኩ ግን ሁለተኛ አልመለስበትም ብዬ ወሰንሁ።

ፖስታ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ድሮ መልእክተኛ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዱላ ጫፍ ላይ ሰክቶ ይሮጥ ነበር፤ ዱላውን ያየ ሁሉ የንጉሥ ጉዳይ መሆኑን አውቆ መንገድ ይለቅለታል። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ካዘዙ በኋላ፣ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች በኋላ ነገሩ በወረቀትና በማኅተም ሆነ። የምፈልገው ያንን ማኅተም ነው። ማን ተረከበ፣ መቼ ተረከበ፣ ለማን አስረከበ የሚል ፊርማ። የረዳቱ ጥፋት ክፋት አልነበረም፤ ፊርማ አለመኖሩ ነው።

አሠራራችን ጽዋ የሚጠጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ጽዋው በየወሩ ከአንዱ ማኅበርተኛ ቤት ወደ ሌላው እንደሚያልፍ ሣጥኑም እንዲሁ ያልፋል፤ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ፣ ደሴ፣ ተመልሶም ጎንደር። የተቀበለው ሰው የሚፈልገውን ያወጣል፣ በምትኩ የማይፈልገውን ያስገባል፣ ውስጥ ባለችው ደብተር ላይ ይጽፋል። ገንዘብ የለበትም። ሞዞ ያወጣ ሰው ሁለት ዳዶ አስገብቶ አይሄድም፤ ይህ አልተጻፈም፣ ግን ያደረገው ሰው በሚቀጥለው ዙር ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። መንገድ ቢዘጋ ሣጥኑ ባለበት ይቆያል፤ ሰባ ዓመት የጠበቀ ብረት ሁለት ወር ቢጨምር አይጎዳም። ክብደቱን ከነዕቃው ከአሥር ኪሎ እንዳያልፍ ወስነናል። ቸርኬና ሹካ አይገቡም። ዘይት ያለበት ነገር ደርቆና ተጠርጎ ይገባል፤ የሰው ደብዳቤ በእኛ ግራሶ እንዲበላሽ አንፈልግም።

አሁን ጥያቄዬን ላቅርብ። በአገራችን ፖስታ በአብዛኛው ቤት ለቤት አይሄድም፤ ሰው ነው ወደ ሣጥኑ የሚሄደው። ስለዚህ አድራሻችን አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር መሆን አለበት፤ በእኔ ስም ግን ባይሆን እመርጣለሁ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ እኔ ብሞት ልጆቼ ሣጥኑን ሲከፍቱ የሚያገኙት የዛገ ሰንሰለት ይሆናል፣ ወደ ቆሻሻም ይሄዳል። በማኅበሩ ስም ሆኖ ሁለት ሰው ቁልፍ ቢይዝ መልካም ነበር። ችግሩ ማኅበራችን ፈቃድ የለውም። ዕቁብተኛ ፈቃድ አያወጣም፤ የጽዋ ማኅበርም እንዲሁ። ዘጠኝ ሰው ለብሎን ሲል የተመዘገበ ድርጅት ይሁን፣ ሊቀ መንበርና ኦዲተር ይምረጥ ቢባል እኛ እዚያው ላይ እንበተናለን። ፈቃድ ለሌለው የወዳጆች ስብስብ፣ በሁለት ሰው መታወቂያና ፊርማ፣ የፖስታ ሣጥን መከራየት ይቻላል ወይ? መልሱ አይቻልም ከሆነም እቀበላለሁ፤ ግን በጽሑፍ ይሁንልኝ፣ ስምንቱ ሰዎች እኔን አያምኑም።

ሌላው ስለ ዋጋ ነው፤ ይህ እንቅልፍ ነሥቶኛል። የዕቃው ዋጋ ስንት ነው ተብለን ብንጠየቅ ምን ብለን እንሙላ? የሚሸጥ ነገር አይደለምና ዋጋ የለውም ብንል፣ ሣጥኑ ቢጠፋ ካሣ መጠየቂያ አይኖረንም። ዋጋ ብንጽፍ ደግሞ ነጋዴ እንመስላለን፤ ነጋዴ በመካከላችን የለም ይያዙልኝ ያልሁት ለዚህ ነው። የዚያችን ባለ 54 ሞዞ ዋጋ ማን ሊነግረኝ ይችላል? ለሽንኩርት ሻጯ የአንድ ኪሎ ድንጋይ ዋጋ ነበረች። ለደሴው ሰው ግማሽ ብስክሌት ናት። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ዕቃው ያገለገለ የግል ንብረት፣ ለሽያጭ ያልቀረበ ተብሎ እንዲጻፍና ዘጠኛችንም የፈረምንበት አንድ ቁርጥ ግምት ለሣጥኑ በጠቅላላ እንዲያዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዳዶ ዋጋ እንዳንፈልግ።

ስለ ፍተሻም አንድ ነገር ልበል። ሞላ፣ የብረት ቱቦና በቆርቆሮ የታጨቀ ብይ ለፈታሽ ዓይን ምን እንደሚመስል እኔም አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ፈታሽ ብሆን አላሳልፈውም። ስለዚህ ሣጥኑን ተከፍቶ እናምጣው፤ ሠራተኛዎ ፊት ለፊት እያንዳንዱን በደብተሩ ላይ ካለው ዝርዝር ጋር ያመሳክር፣ ከዚያ ይታሸግ። ሰልፍ የማይበዛበትን ሰዓት ይንገሩን፤ የጡረተኛ ሰዓት ሁሉም ክፍት ነው። ስያሜያቸውን በአማርኛ ጽፌ፣ የማይታወቁትን በእርሳስ ሥያቸዋለሁ። ሥዕሉ ቆንጆ አይደለም።

በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ ሜልቦርን ድረስ ከተጓዙት መካከል እነ ገረመው ደንቦባ ብስክሌተኞች እንደነበሩ ዛሬ ስንት ሰው ያስታውሳል? ሁላችንም የምናውቀው ከዚያ በኋላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠውን ነው፤ ይገባዋልም። እኔ ግን አባቴ ያንን ወሬ በሬዲዮ ሰምቶ ቢያንኪውን በዚያው ምሽት በናፍጣ እንዳጠበው ስለነገረኝ፣ ነገሩ ከልቤ አይወጣም።

ሣጥኑ ተሠርቶ አልቋል። ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ጠርዙን አጥፌ በብየዳ አጠንክሬዋለሁ፣ ክዳኑ ሁለት ማጠፊያና አንድ ቁልፍ አለው፣ ውስጡ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተለብጧል። ለመጀመሪያው ዙር ሦስቱ የእንግሊዝ ኩባያዎች፣ አንድ ዲናሞ፣ አሥራ አንድ ሽብልቅና በክኒን ብልቃጥ የተሞላ ብይ ገብተውበታል። ባዶ ቦታ አለው። መልስዎ በደረሰኝ ማግስት ይዤው እመጣለሁ፤ ደረጃው ብዙ ስለሆነ አንድ ጠንካራ ልጅ ታች ድረስ ቢልኩልኝ ምስጋናዬ ይበዛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህር
ጎንደር

የተረሳ፦ በመጋዘንዎ ውስጥ ድሮ ደብዳቤ ማድረሻ የነበረ ብስክሌት ዝጎ ተቀምጦ ከሆነ፣ እባክዎ ሳልመጣ እንዳያስወግዱት። ጎማው ባይኖርም ግድ የለም። የኋላ ሞዞው ላይ በሁለት አኃዝ የተጻፈ ነገር ካለ ብቻ ይዩልኝ።